ዘውዱና አጥሩ

ጥቅምት 23 ይከበር ወይስ አይከበር? ሰሞኑን በየዶርሙ፣ በየካፌው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ሳይቀር የሚሰማው ክርክር ይኸው ነው። ላልሰማ እናሰማ፦ አንዳንድ ጓደኞቻችን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበትን ቀን ግጥም እየተነበበ፣ ክራር እየተደረደረ፣ የድሮ ፎቶግራፍ እየታየ በግቢያችን አዳራሽ እናክብር ብለው ማስታወቂያ ለጠፉ። በማግሥቱ ሌሎች ጓደኞቻችን «የጭሰኛ እንባ አይዘፈንበትም» የሚል ወረቀት ከጎኑ ለጠፉ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ተቀደው አደሩ። ሁለቱም ወገን «እኔ አልቀደድኩም» ይላል። እንግዲህ ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው ተቀዳደዋል ማለት ነው!

እኔ አይከበር ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ። ነገር ግን የእኛ ወገን የሚያቀርበው ምክንያት አብዛኛው የሸምበቆ ምርኩዝ ነው፤ ሲደገፉት ተሰብሮ እጅ ይወጋል። ስለዚህ ወደ አክባሪዎቹ ከመዞሬ በፊት የራሳችንን ደጅ ልጥረግ።

«ድሃ አገር ለዘውድ ድግስ ገንዘብ አባከነ» እንላለን። መልካም። ገበሬውስ? ገበሬው ለልጁ ሰርግ፣ ለአባቱ ተዝካር ጎተራውን ገልብጦ፣ ያልበቃውን ተበድሮ ይደግስ የለም እንዴ? ያን ጊዜ «ባህል ነው» እንላለን፤ ንጉሥ ሲደግስ «ብክነት» ይሆናል። በዚህ ሚዛን ከተከራከርን አክባሪዎቹ በአንድ ቃል ይረቱናል። ድሃም ቢሆን የክብር ቀን ያስፈልገዋል ይሉናል፤ ልክም ናቸው። ድግስ በራሱ ኃጢአት የለበትም። መጠየቅ ያለበት ድግሱ ለማን ዐይን ተደገሰ፣ ማንስ ደጅ ቀረ የሚለው ነው።

«የሞተ ንጉሥ ምን ያከራክራል? ጊዜው አልፎበታል» የሚሉም አሉ። እነዚህ ወዳጆቻችን የት ቆመው እንደሚናገሩ ልጠይቃቸው። ስድስት ኪሎ ቆመው ነው እኮ! ይህ ግቢ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር መኳንንቱ በጥይት ያለቁት እዚሁ ነው፤ በ1954 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሙዚየሙን የሚጎበኝ ሰው ዛሬም የንጉሡን መኝታ ቤት አይቶ ይወጣል። ደጅ ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃ ተመልከቱት። ፋሽስቶች የሠሩት ነው፤ ወደ የትም አያደርስም፤ ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት። የፋሽስት ደረጃ፣ የዘውድ አንበሳ፣ ከሥሩ ሳንድዊች የሚበላ ፍሬሽማን። ይህን ሁሉ በየቀኑ እያለፍነው ስለማናየው ነው «አልፏል» የምንለው።

አሁን ወደ አክባሪዎቹ። ጠላት አይደሉም፤ አብረን በአንድ ትሪ የምንበላ ልጆች ናቸው። ካቀረቧቸው ምክንያቶች ጠንካራውን ልውሰድ፤ ደካማውን መትቶ «አሸነፍኩ» ማለት ነውር ነውና።

ምን ይላሉ? ነጭ የአፍሪካን ምድር እንደ ሙልሙል ዳቦ ቆራርሶ በያዘበት ዘመን፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አንድ ጥቁር ንጉሥ ሲነግሥ የዓለም መንግሥታት መጥተው ቆሙለት። የእንግሊዙ ንጉሥ የጆርጅ አምስተኛ ልጅ፣ የግሎስተር መስፍን መጣ። ፈረንሳይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬን ላከች። ኢጣልያ የንጉሣዊው ቤተ ሰብ አባል የሆነውን የኡዲኔን ልዑል ላከች። አሜሪካ፣ ጀርመን፣ ጃፓን፣ ግብፅ፣ ስዊድን፣ ቤልጅግ መልእክተኞቻቸውን ላኩ። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቡነ ቄርሎስ ዘውዱን ጫኑ፤ እቴጌ መነንም በዚያው ቀን ተጫነላቸው። «ይህ የአንድ ሰው ክብር አይደለም፤ የአገር ዕውቅና ነው፤ የጥቁር ሕዝብ ሁሉ አንገት ቀና ያለበት ቀን ነው» ይላሉ።

ያምራል። እኔም ስሰማው ደሜ ይሞቃል፤ አልዋሽም። ግን እስቲ ከግብዣው አዳራሽ ወጣ ብለን መንገዱን እንይ።

ያን ሰሞን አዲስ አበባ ስትሰናዳ ምን ተሠራ? መንገድ ተጠረገ፣ ቅስት ቆመ፣ ፖሊስ አዲስ ልብስ ለበሰ፣ የጀርመኑ ካይዘር ዊልሄልም ነበረ የተባለለት ሠረገላ መጣ። ይህን ሁሉም ይተርከዋል። የማይተረከው አጥሩ ነው። እንግዶቹ በሚያልፉባቸው መንገዶች ዳር የድሃው ጎጆ እንዳይታይ አጥር ታጠረ። አንድ ትልቅ ቀን ለሕዝብ የሚደረግ ከሆነ ሕዝቡን ከፊት ያቆሙታል፤ እዚህ ግን ሕዝቡ ራሱ ነውር ሆኖ ተሸፈነ። ይህ እንግዲህ ዕውቅና የተባለው ነገር ዋጋ ነበር፦ «እኛን ዕወቁን፣ ግን እነዚህን አትዩብን።»

አጥሩ የሚያሳፍረውን ነገር ሸሽጎ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር። አልሸሸገም! ከመጡት ጋዜጠኞች አንዱ ኤቭሊን ዎ የሚባል እንግሊዛዊ ደራሲ ነበር። አጥሩ ሲታጠር ቆሞ አየ፤ አገሩ ተመልሶም በ1931 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከነጎጆው ከነአጥሩ ጻፈው፤ ክብረ በዓሉንም መሳቂያ አደረገው። ቀጥሎስ? ፋሽስት ሲወረን ይኸው ሰውዬ ለሌላ ጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ ተመልሶ መጣና በ1936 እ.ኤ.አ. የኢጣልያንን ወረራ የሚደግፍ ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። እንግዲህ አጥሩ የተሠራው ለእሱና ለመሰሎቹ ዐይን ነበር። እሱ በአጥሩ ላይ አሻግሮ አየ፤ ያላየው የእኛው ሰው ነው፤ ከአጥሩ ጀርባ ሆኖ የራሱን ንጉሥ ሠረገላ ማየት ያቃተው።

ስለ እንግዶቹ ከጀመርን አይቀር እንጨርሰው። የኡዲኔ ልዑል በክብር ተቀምጦ ካየ አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝና የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ ሆርና ላቫል፣ አገራችንን ቆርሰው ለሙሶሊኒ ለመስጠት በድብቅ ተዋዋሉ። የማርሻሉ አገርና የመስፍኑ አገር ማለቴ ነው። ግንቦት 1 ቀን 1928 የኢጣልያው ንጉሥ ቪክቶር ኤማኑኤል «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ተባለ። ሠረገላ አላስፈለገው፤ ቅብዐ ቅዱስ አላስፈለገው፤ አዋጅ ብቻ በቃው። እና እንግሊዝ ምን አደረገች? በኅዳር 1931 ይህን ማዕረግ ዐወቀችለት! የንጉሧን ልጅ ልካ ካስመረቀችው ዘውድ ላይ፣ በስምንት ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ፣ ስሙን ፍቃ የሌላ ሰው ስም ጻፈችበት። ይህ ነው የምታከብሩት ዕውቅና?

«በ1933 መልሳ ያስገባቻቸውስ እንግሊዝ አይደለችም?» ትሉ ይሆናል። አዎን ናት። ግን ለጥቅምት 23 ስትል አላስገባቻቸውም። ሙሶሊኒ ከሂትለር ጋር ተሰልፎ ጦርነት ስላወጀባት ነው። ባያውጅባት ኖሮ ዘውዱ ባዝ ከተማ ውስጥ ብርድ ሲመታው ይኖር ነበር። ደግሞም እስከዚያች ቀን ድረስ በየጫካው፣ በየገደሉ አምስት ዓመት ሙሉ የተዋደቀው አርበኛ ማን ሆኖ ነው? አብዛኛው ከአጥሩ ጀርባ የነበረው ሰው ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር። ኢትዮጵያ በዓለም ፊት መንግሥት ተብላ የታወቀችው ጥቅምት 23 ቀን ነው እንዴ? ወደ መንግሥታት ማኅበር የገባነው በመስከረም 1916 ነው፤ ያውም ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሳሉ፣ ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ ሳሉ። እሱንም እንተወው። ዋናው ዕውቅና የመጣው በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ ኢጣልያ የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት ተቀብላ ስትፈርም ነው። ምን አስፈረማት? ግብዣ ነው? ሠረገላ ነው?

እኛ እኮ ሁለት ሃያ ሦስት አለን ጓደኞቼ! አንዱ የካቲት 23 ነው፣ አንዱ ጥቅምት 23 ነው። በየካቲት 23 ገበሬው ስንቁን በአህያው ጭኖ፣ ሚስቱ ድስቷን ተሸክማ፣ ከየአውራጃው በእግሩ አድዋ ድረስ ሄደ። ማንም «ነውራችን ነህና ተከለል» አላለውም፤ ከፊት አሰለፉት። እሱ በሞተበት ቀን የተገኘውን ዕውቅና ነው በጥቅምት 23 ለእንግዳ እንደ አዲስ ያቀረቡለት። ለዚህም ይመስለኛል በዘውዱ ዋዜማ የምኒልክን ሐውልት ጊዮርጊስ ፊት ለፊት የመረቁት። የአድዋን ጥላ ሳይዙ መንገሥ አልሆነላቸውም። ሐውልቱን አልጠላውም፤ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ ነው የማየው። ግን አንዱን ሃያ ሦስት በሌላው አታጥቡብን።

እዚህ ላይ ዝም ማለት የማይገባኝ ነገር አለ፤ የጃማይካዎቹ ጉዳይ። አክባሪዎቹ «ራስታዎች እንኳ ያከብሩታል፣ እኛ ባለቤቶቹ እንዴት እናፍርበታለን?» ይሉናል። የእኛ ወገን በዚህ ላይ የሚመልሰው መልስ ያሳፍረኛል፤ ስለ ጸጉርና ስለ ጢስ ቀልድ ነው። ይህ ቀልድ ድንቁርና ነው። ኪንግስተን ውስጥ በእንግሊዝ ገዢ ሥር፣ አያቱ በሰንሰለት ታስሮ የመጣ አንድ ድሃ የወደብ ሠራተኛ፣ የገዢው ንጉሥ ልጅ ባሕር አቋርጦ ሄዶ በአንድ ጥቁር ዘውድ ፊት መቆሙን በጋዜጣ ሲያይ ምን እንደተሰማው አስቡ። በዓመቱ ናሽናል ጂኦግራፊክ የሚባለው መጽሔት ያን ቀን በባለ ቀለም ፎቶግራፍ አወጣው። እነ ሌኦናርድ ሃዌል ያን ሥዕል ይዘው መስበክ ሲጀምሩ ታሰሩ፤ ለዚያ ሥዕል ሲሉ ተደበደቡ። ስለዚህ በእነሱ ዘንድ ጥቅምት 23 የተከፈለበት ቀን ነው። በየዓመቱ ሻሸመኔ ላይ ከበሮ ሲመቱ በገዛ ገንዘባቸው፣ በገዛ እምነታቸው ነው የሚመቱት። ማንም አጥር አያጥርም። ይክበርላቸው!

የእኛ ግን ሌላ ነው። የኪንግስተኑ ድሃ ያየው ፎቶግራፉን ነው፤ ከአጥሩ ወዲህ ያለውን። እኛ የአጥሩ ወዲያ ልጆች ነን። ሻሸመኔ አጠገብ 5 ጋሻ መሬት፣ 200 ሄክታር ማለት ነው፣ ለጥቁር ወገኖቻችን ተሰጠ ሲባል የንጉሡን ቸርነት እናደንቃለን፤ መሬቱ በመጀመሪያ እንዴት የንጉሡ የሚሰጡት ሆነ ብለን ግን አንጠይቅም። በየካቲት 1957 ታላላቆቻችን ከዚህ ግቢ «መሬት ላራሹ» እያሉ የወጡት ይህንን ጥያቄ ይዘው አይደለም እንዴ? እነሱ የጮኹበትን በር ከፍተን ዛሬ በክራር ልንገባበት ነው?

«ታሪካችን ነው፣ ታሪክ አይጣልም» የሚለውም አለ። ማን ይጣል አለ? ይጠና! እንዲያውም አክባሪዎቹ የሚያሳዩን ታሪክ በጣም አጭር ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ የአንድ ቀን ታሪክ። እኔ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ፊት ልለጥጠው። ወደ ኋላ ብንሄድ፣ ከዘውዱ ሰባት ወር ቀደም ብሎ መጋቢት 22 ቀን 1922 አንቺም ላይ ራስ ጉግሣ ወሌ ከነሠራዊታቸው ተመቱ፤ አውሮፕላን ከሰማይ ቦምብ ጣለባቸው። በሁለተኛው ቀን ንግሥት ዘውዲቱ ዐረፉ። ራስ ጉግሣ የኋላ ቀርነት ጠበቃ ነበሩ የሚለኝ ይኖራል፤ ልከራከረው አልፈልግም። አንቺም የወደቀው የየጁና የበጌምድር ባላገር ግን የጥቅምት 23 መሠረት ውስጥ አለ፤ ፎቶግራፉ ላይ ስለሌለ አልነበረም ማለት አይደለም።

ወደ ፊት ብንሄድ፣ ከዘጠኝ ወር ያነሰ ጊዜ ቆይቶ፣ በሐምሌ 1923 የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ወጣ። አክባሪዎቹ ይህን የዘውዱ ፍሬ ይሉታል፤ እኔም እስማማለሁ፣ ፍሬው እሱ ነው። ቅመሱት እስቲ! ዘውዱ ለዘለዓለም ከአንድ ቤት እንዳይወጣ ደነገገ። ለምክር ቤቱ አባላትን ሕዝቡ አይመርጥም፤ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና ሹማምቱ ይመርጡለታል ተባለ። «እስኪበቃ ድረስ» የምትለዋን ነገር ያዙልኝ። ይህች ያችው አጥር ናት፤ በቀለም የታጠረች።

ሃያ አምስተኛው ዓመት ሲሞላ፣ በ1948፣ ኢዮቤልዩ ተባለና እንደገና ተደገሰ። ዛሬ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የምንለው፣ በ2017 ታድሶ ለጎብኚ የተከፈተው፣ የዚያ ዓመት ሥራ ነው። ለገሃር አቅጣጫ ያለው የድንጋይ አንበሳም፣ ከኋላው ያለው ቴአትር ቤትም የዚያው ድግስ ልጆች ናቸው። ቴአትር ቤቱ ሲመረቅ ምን ታየ መሰላችሁ? የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን»! የሰው ሚስት ወስዶ ባልዋን በጦርነት ስላስገደለ ንጉሥ፣ በንጉሥ ኢዮቤልዩ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ነን ባዮች ብንሆን ኖሮ ስለዚያች ማታ ብቻ አንድ ሙሉ እትም በጻፍን ነበር። በዚያው ዓመት የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ፤ ሕዝቡ ተወካይ እንዲመርጥ ተፈቀደለት፣ ጥሩ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ አካል ግን ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውም የማይጠየቅ ነው የሚለው እዚያው ቁጭ አለ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አደገ የተባለው ሕዝብ መጠየቅ ገና አልበቃም!

የማይጠየቅ ሥልጣን ምን እንደሚያደርግ ወሎ ታየ። ሐምሌ 1964 የንጉሡ ሰማንያኛ ዓመት ልደት ሲከበር ዝናቡ ወሎ ላይ ጠፍቶ ነበር። በ1965 ከዚህ ከእኛ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው አመጡ፤ ፎቶግራፉ በዚህ ግቢ ታየ፤ ተማሪውም ጮኸ። መንግሥት ግን ለእንግዳ እንዳይሰማ አፈነው። አጥሩ ከአዲስ አበባ መንገድ ዳር ተነሥቶ በአንድ ጠቅላይ ግዛት ዙሪያ ታጠረ። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የቀረጸው ፊልም ለንደን ላይ የታየው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ነው። ከዚያች ቀን በኋላ በአሥራ አምስተኛው ቀን ጥቅምት 23 ሆነ፤ በዘውዱ ዘመን የዋለው የመጨረሻው ጥቅምት 23። የሟቹ ቁጥር እንደ ገማቹ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይለያያል። ይህን ያህል ሰው በግምት የሚቆጠረው፣ ሲሞት ቆጣሪ ስላልነበረው ነው። የእንግዶቹ ስም ዝርዝር ግን ከነማዕረጋቸው አለ።

እዚህ ጋ ስደርስ የእኛ ወገን ሲያጨበጭብ ይሰማኛል። ቆዩ፣ አታጨብጭቡ።

ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ያንን የወሎ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየቀጣጠለ በቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ ንጉሡን በቮልስዋገን አስገብቶ ወሰዳቸው። ተማሪው ደስ አለው፤ እንዴት ደስ አይለው? በኅዳር 14 ስልሳ ሰው ያለ ፍርድ ተረሸነ። ንጉሡ በነሐሴ 1967 ተገደሉና ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ወለል ሥር ተቀበሩ፤ ዐፅማቸው ወጥቶ ቅድስት ሥላሴ የተቀበረው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ነው። ያንን ፊልም ያሳየው መንግሥትስ አሥር ዓመት ሲሞላው ምን አደረገ? ደገሰ! መስከረም 1977፣ ቀይ ባንዲራ፣ ቀይ ቅስት፣ ሰልፍ፣ ከሰሜን ኮሪያ የመጣ ባለሙያ፣ ዛሬም የቆመው የትግላችን ሐውልት። በየመንገዱ ዳር የድሃው መንደር እንዳይታይ አጥር ታጠረ። አዎን፣ ያው አጥር! ከወሎ የሚሰደደው ረሃብተኛም ወደ ከተማ እንዳይዘልቅ ኬላ ላይ ይመለስ እንደነበር ያኔ የእርዳታ ማስተባበሪያው ኮሚሽነር የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ኋላ ጽፈውታል። ከድግሱ አርባ አንድ ቀን በኋላ፣ እንደ ተዝካር ማለት ነው፣ የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ከቆረም ያነሣው ፊልም ዓለምን አስለቀሰ።

ስለዚህ «የዘውድ ቀን አይከበር» ብለን የንጉሡን መውረጃ መስከረም 2ን ልንደግስ ከሆነ ከመጀመሪያው ባንነሣ ይሻላል። የምጠላው የወርቁን ቆብ ብቻ አይደለም። ሥልጣን ራሱን ለእንግዳ የሚያሳይበትን፣ ሕዝቡንም እንደ ቆሻሻ ጓዳ የሚዘጋበትን ልማድ ነው። ንጉሡ ሄደ፣ ሊቀ መንበሩ ሄደ፤ ልማዱ ግን መቼ ሄደ? ዛሬስ ቢሆን ትልቅ ጉባኤ ሲቃረብ ለማኝ ከአደባባይ የሚነሣባት፣ መንገድ ዳር ቆርቆሮ ቀለም የሚቀባባት ከተማ የማን ከተማ ናት?

አክባሪዎቹ ቅር እንዳይላቸው አንድ ነገር ልመን። በእነዚያ ፎቶግራፎች ላይ ውበት አለ። የካባው ጥልፍ፣ የመኳንንቱ የአንበሳ ጎፈር፣ የካህናቱ ከበሮ፤ ይህ የእኛ ጠቢብ፣ የእኛ ሸማኔ፣ የእኛ ደብተራ ሥራ ነው፤ ደርግ «አድኃሪ» ብሎ ሲንቀው ስህተት ሠርቷል። ግን ልብ በሉ፦ ካባውን የጠለፈው ጠቢብ ያን ዘመን ራሱ «ቡዳ» ተብሎ የሚሸሽ ሰው ነበር። ፎቶግራፉ ላይ እጁ አለ፣ ፊቱ የለም።

እንግዲህ አዳራሹን አትከልክሏቸው የሚሉ ይኖራሉ። እኔም አልከለክልም፤ ከልካይነት የእኛ ሥራ አይደለም። የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ጥቅምት 23 ማታ አዳራሹ ይከፈት። አክባሪዎቹ የ1923ቱን ፎቶግራፎች በአንደኛው ግድግዳ ይስቀሉ፤ ሠረገላውንም፣ መስፍኑንም፣ ማርሻሉንም። በፊት ለፊቱ ግድግዳ እኛ በ1965 በዚሁ ግቢ የታዩትን የወሎ ፎቶግራፎች እንስቀል። ማንም ንግግር አያድርግ። ገቢው ሁሉ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል አንድ ጊዜ ይለፍ። ከዚያ በኋላ ክራር ልምታ የሚል ካለ ይምታ፤ ግጥም ላንብብ የሚልም ያንብብ፤ ይህች መጽሔት ሁለቱንም ታትማለች።

የወሎዎቹን ፎቶግራፎች ቅጂ በቤተ ሰቡ፣ በአባቱ ሣጥን፣ በጡረታ በወጡ መምህር እጅ ያየ ወይም የሚያውቅ ካለ እስከ ጥቅምት 15 ድረስ ለዝግጅት ክፍሉ ያስታውቀን። ሚስማርና ገመድ ከእኛ ነው።